በ27 ዶላር ከ50 ሳንቲም የተገዛው ማግና ካርታ

በ1946 የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አንድ አሮጌ ብራና ከለንደን ገዛ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሻጩ ስዊት እና ማክስዌል የተባለ የሕግ መጻሕፍት ነጋዴ ሲሆን ዋጋው 27 ዶላር ከ50 ሳንቲም እንደነበር የቤተ መጻሕፍቱ የገቢ መዝገብ ይመሰክራል። ብራናው 172 የሚል መለያ ቁጥር ተሰጠው፤ በ1327 የተጻፈ የማግና ካርታ፣ ማለትም የእንግሊዝ ነገሥታት መብትን ያጸኑበት የታላቁ ቻርተር (የመብት ሰነድ)፣ ግልባጭ ነው ተብሎም ተመዘገበ። በዚሁ ስም እስከ 2023 ድረስ 77 ዓመት ኖረ።

በግንቦት 2025 ግን ሌላ ነገር ተሰማ። ብራናው የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ በ1300 በማኅተሙ ካወጣቸውና እስከ ዛሬ ከተረፉት ሰባት ዋና ሰነዶች አንዱ ሆኖ ተገኘ።

በእነዚያ 77 ዓመታት በብራናው ላይ አንዲት ፊደል አልተጨመረችም፣ አልተቀነሰችምም። የተቀየረው ስለ ብራናው የተጻፈው የአንድ መስመር መግለጫ ነው። ያ መስመር ከየት መጣ? እንዴትስ ታረመ? ሃርቫርድ ከመድረሱ በፊትስ ብራናው በእነማን እጅ አለፈ? የዚህ ጥናት ጉዳይ ይኸው ነው።

ዋና ማለት ምን ማለት ነው

«ዋናው ማግና ካርታ የት ነው ያለው?» የሚል ሰው ከመነሻው መንገድ ስቷል። ንጉሥ ጆን በሰኔ 1215 በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ራኒሚድ በተባለ መስክ፣ ካመፁበት መኳንንት ጋር ሲስማማ የወጣው ሰነድ አንድ ብቻ አልነበረም። የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊዎች ቃሉን ደጋግመው እየጻፉ፣ እያንዳንዱን በንጉሡ ማኅተም እያተሙ ወደየአገሩ ላኩት። የ1215ቱ አራት ዛሬ በእጅ አሉ፤ አራቱም ዋና ናቸው።

ስምምነቱ ራሱ ሦስት ወር አልቆየም። የሮማው ጳጳስ ኢኖሰንት ሣልሳዊ በነሐሴ ሻሩት፣ አገሪቱም ወደ ጦርነት ገባች። ጆን በ1216 ሲሞት የዘጠኝ ዓመቱ ልጁ ሄንሪ ሣልሳዊ ነገሠ፤ ሞግዚቶቹም ቻርተሩን አሻሽለው በ1216ና በ1217 እንደገና አወጡት። ሄንሪ ራሱ በ1225 አጸናው። ልጁ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ደግሞ በ1297ና በ1300። እንግዲህ በእነዚህ ዓመታት ከንጉሡ ጽሕፈት ቤት ታትሞ የወጣ ሁሉ ዋና ነው። ጠበቃ ለሥራው፣ መነኩሴ ለገዳሙ ቃሉን የገለበጠው ደግሞ ግልባጭ ነው። ግልባጭ በየቤተ መዛግብቱ ሞልቷል። ዋናው ግን ከሁሉም ዓመቶች ተደምሮ ዛሬ የሚታወቀው 25 ብቻ ነው፤ ሃያ አምስተኛው የሃርቫርዱ መሆኑ ነው።

የ1300ውን ከሌሎቹ የሚለየው ነገር አለ። ኤድዋርድ በስኮትላንድና በፈረንሳይ ላይ ባካሄዳቸው ዘመቻዎች ግምጃ ቤቱ ተራቁቶ ነበር። ግብር ሲጠይቅ መኳንንቱ አስቀድመህ ቻርተሩን አጽና ይሉታል፤ ሲያጸና ደግሞ በቃሉ መቆሙን አያምኑትም። በመጋቢት 1300 ዌስትሚንስተር የተሰበሰበው ፓርላማ ቻርተሩን በድጋሚ አስጸና። በየአውራጃው በዓመት አራት ጊዜ በሕዝብ ፊት እንዲነበብም ተደነገገ። የቻርተሩ ሙሉ ቃል በንጉሥ ማኅተም ሲወጣ ይህ የመጨረሻው ጊዜ ነበር።

ኤድዋርድ፣ ግን የትኛው?

ስሕተቱ የገባው በታኅሣሥ 1945 ነው። ብራናው ለንደን ውስጥ በሶዝቢስ አጫራችነት ቀረበ። የጨረታው ዝርዝር በ1327 የተሠራ ግልባጭ መሆኑን፣ መልኩ የተፋቀና እርጥበት የነካው መሆኑን ይገልጻል። ስዊት እና ማክስዌል በ42 ፓውንድ አነሣው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሃርቫርድ ከእርሱ ሲገዛ የዝርዝሩ አገላለጽም አብሮ ተሻገረ።

እዚህ ላይ ቁጥር የሚወድ አንባቢ ቆም ይበል። በጊዜው ምንዛሪ አንድ ፓውንድ አራት ዶላር ያህል ነበር። 42 ፓውንድ ከ160 ዶላር ይበልጣል ማለት ነው፤ 27 ዶላር ከ50 ደግሞ ሰባት ፓውንድ አይሞላም። ሁለቱ አሃዞች የዚሁ የአንድ ብራና ዋጋ ከሆኑ ነጋዴው ከስሮ ሸጧል። ስለ ዕድለኛው ሃርቫርድ በተወራው ሁሉ ይህን ያነሣ ብዙም አላየሁም።

ወደ ቀኑ እንመለስ። የመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ሰነድ ቀኑን የሚቆጥረው ንጉሡ ከነገሠበት ዘመን ነው። የነገሥታት ዜና መዋዕል ላነበበ ኢትዮጵያዊ ይህ አዲስ አይደለም፤ «በነገሠ በእንዲህ ያለው ዓመት» የሚለውን ለምዶታል። ችግሩ ከ1272 እስከ 1377 እንግሊዝን በተከታታይ የገዙት አያት፣ አባትና ልጅ ሦስቱም ኤድዋርድ መባላቸው ነው። የ1300ው ቻርተር «ኤድዋርድ፣ በእግዚአብሔር ቸርነት የእንግሊዝ ንጉሥ» ብሎ ይጀምራል እንጂ ቀዳማዊ ወይም ሣልሳዊ አይልም። 1327 የሦስተኛው ኤድዋርድ የመጀመሪያ ዓመት ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን የጻፈው ሰው የቀዳማዊ ኤድዋርድን ብራና ለንጉሡ ልጅ ልጅ ሰጠው ማለት ነው።

ስሕተቱን ለመያዝ የሚያስፈልገው ግን የልጆች ሒሳብ ነበር። የ1300ው ቻርተር የተሰጠው መጋቢት 28 ቀን፣ ንጉሡ በነገሠ በ28ኛው ዓመት ነው። ሁለተኛው ኤድዋርድ በነገሠ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ከዙፋን ወረደ፤ 28ኛ ዓመት የለውም። የሦስተኛው 28ኛ ዓመት የሚጀምረው በ1354 ነው። የመጀመሪያው በኅዳር 1272 ስለነገሠ የእርሱ 28ኛ ዓመት መጋቢት 1300ን ይይዛል። 28 የሚለውን ይዞ 1327 የሚያደርስ መንገድ በየትም በኩል የለም። መጨረሻው መስመር ላይ ያለውን ቀን ጊዜ ወስዶ የሚያነብና የሚያሰላ ሰው ቢኖር ኖሮ ጉዳዩ በ1945 ባለቀ ነበር።

ሆኖም አጫራቹን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ አይከብድም ወይ እላለሁ። ጊዜው ጦርነቱ ባበቃ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው፤ ብራናውም ደብዝዟል። የባሰው ነገር ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። «ግልባጭ» የሚለው ቃል አንዴ ከተጻፈ በኋላ ማንም ብራናውን ሊፈትሽ አልተነሣም። ግልባጭን ማን ይመረምራል?

ቃሉ ያስከፈለውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በ1952፣ ማለትም ከዚያ ጨረታ ሰባት ዓመት በኋላ፣ የአውስትራሊያ መንግሥት የ1297ን አንድ ዋና ሰነድ በእንግሊዝ ሶመርሴት ከሚገኝ ትምህርት ቤት በ12,500 ፓውንድ ገዛ። ዛሬ ካንቤራ በፓርላማው ሕንጻ ይታያል። አንዱ በ42፣ ሌላው በ12,500! በ2007 ደግሞ ሌላ የ1297 ሰነድ ኒው ዮርክ ላይ በ21.3 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

በእነማን እጅ አለፈ

የእኛ የብራና መጻሕፍት «ዛቲ መጽሐፍ ዘ...» ብለው ባለቤታቸውን ይናገራሉ፤ ሌባውንም በውግዘት ያስራሉ። የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርተር ግን ቅጠል የሌለው አንድ ገጽ ነው፤ ባለቤቱን አይናገርም። የሃርቫርዱን ባለቤቶች ያፈላለጉት ሁለት የእንግሊዝ የታሪክ ምሁራን፣ የኪንግስ ኮሌጅ ለንደኑ ዴቪድ ካርፔንተርና የኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲው ኒኮላስ ቪንሰንት፣ ከጨረታው መዝገብ ተነሥተው ወደ ኋላ መቁጠር ነበረባቸው።

በ1945 ብራናውን ለጨረታ የሰጠው ሰው የአየር ኃይል መኮንን ነው። ፎርስተር ሜይናርድ ይባላል፤ ጓዶቹ «ሳሚ» ይሉት ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጠላት አውሮፕላኖችን በመጣል ስም ያተረፈ አብራሪ ነው። በ1940 የማልታ ደሴት የእንግሊዝ አየር ኃይል አዛዥ ሆኖ ሳለ ጣልያን በሰኔ 10 ጦርነት አወጀች፤ በማግስቱም ደሴቲቱን መደብደብ ጀመረች። ለእኛ ያ የጦርነት አዋጅ የስደተኛውን ንጉሠ ነገሥት የመመለሻ በር የከፈተ ነው። ለሜይናርድ ግን የጣልያንን ቦምብ ጣዮች በጣት በሚቆጠሩ አሮጌ ባለ ሁለት ክንፍ ተዋጊዎች መመከት ማለት ነበር። አውሮፕላኖቹ የባሕር ኃይሉ በሣጥን እንደታሸጉ ትቷቸው የሄደ ግላዲያተሮች ሲሆኑ በኋላ ሕዝቡ እምነት፣ ተስፋና ፍቅር የሚል ስም አወጣላቸው።

ሜይናርድ ብራናውን አልገዛውም፤ ወረሰው። ያገኘው በቤተሰብ በኩል ከመጣለት የቶማስና የጆን ክላርክሰን ወረቀቶች ጋር ነው።

ሁለቱ ወንድማማቾች የባሪያ ንግድን ለማስቀረት ከታገሉት ቀዳሚዎች ናቸው። ቶማስ በ1785 ካምብሪጅ ተማሪ ሳለ ሰውን ያለ ፈቃዱ ባሪያ ማድረግ ይገባል ወይ በሚል ጥያቄ በላቲን ጽፎ ሽልማት አገኘ። ሽልማቱን ተቀብሎ ወደ ለንደን ሲጋልብ የጻፈው ነገር አላስቀምጠው አለው፤ እውነት ከሆነ አንድ ሰው ሊያስቆመው ይገባል ብሎ ከፈረሱ ወርዶ መንገድ ዳር ተቀመጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ የባሪያ ንግድን ለማስቀረት የታገለው ማኅበር ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ። ከወደብ ወደብ እየዞረ መርከበኞችን ጠየቀ፣ እግር ብረትና የጣት ማሰቃያ ገዝቶ በማስረጃነት አቀረበ። የትግሉ አጋር የሆነው የፓርላማ አባል ዊልበርፎርስ በምክር ቤቱ ሲናገር በእጁ የነበረው ማስረጃ አብዛኛው ከእርሱ የመጣ ነው። ታናሽ ወንድሙ ጆን የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ከእንግሊዝ ጎን ቆመው በዛሬዋ ካናዳ ወደምትገኘው ኖቫ ስኮሻ የተወሰዱትን ጥቁሮች፣ ወደ 1,200 የሚጠጉ ሰዎች፣ በ1792 በ15 መርከቦች ወደ ሴራሊዮን አሻገራቸው።

ነጻ ሰው ያለ ፍርድ እንዳይያዝ፣ እንዳይታሰር፣ ንብረቱም እንዳይነጠቅ የሚለው ሰነድ በእነዚህ ሰዎች ቤት ማደሩ ለጸሐፊ የሚያጓጓ ነገር ነው። ግን ልጓም ያስፈልጋል። ክላርክሰን ብራናውን ለትግሉ ተጠቅሞበታል የሚል ማስረጃ የለም። ቶማስ የተወለደው መጋቢት 28 ቀን መሆኑና ቻርተሩ የተሰጠውም መጋቢት 28 ቀን መሆኑ ደግሞ መገጣጠም ነው እንጂ ምንም አያስረዳም። እኔ ራሴ ሳየው ፈገግ ብያለሁ።

ብራናው ክላርክሰን እጅ እንዴት ገባ? ከዚህ ወዲያ ያለው መንገድ ግምት ነው፤ በደንብ የታሰበ ግምት። ቶማስ ጤናው ሲታወክ በ1790ዎቹ አጋማሽ ወደ ሰሜን ወጥቶ በኡልስዋተር ሐይቅ ዳር ኑሮ መሠረተ፤ ባለቅኔው ዎርድስዎርዝና እኅቱ ዶሮቲ ወዳጆቹ ሆኑ። ሌላው ወዳጁ ዊልያም ላውዘር ነው። ላውዘር የዚያ አገር ትልቅ ባለ ርስት ሲሆን ከርስቱ ጋር የአፕልቢ ከተማ ጌትነትም በዘር ወርዶለታል። አፕልቢ በዌስትሞርላንድ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ያኔ ግን ሁለት የፓርላማ መቀመጫ ነበራት፣ መቀመጫዎቹም በባላባቶቹ ኪስ ነበሩ። የ21 ዓመቱ ዊልያም ፒት በ1781 ፓርላማ የገባው የላውዘር ዘመድ በሰጠው በዚያው የአፕልቢ ወንበር ነው፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

አፕልቢ በ1300 የወጣ ማግና ካርታ እንደነበራት በጽሑፍ ተመዝግቧል። ይህ ሰነድ በኅትመት ለመጨረሻ ጊዜ የተጠቀሰው በ1762 ነው፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ቪንሰንት እነዚህን ያገናኛል። ከአንድ ከተማ የጠፋ የ1300 ቻርተር አለ። የከተማዋ ጌታ የክላርክሰን ወዳጅ ነው። በክላርክሰን ወራሽ እጅ ደግሞ የ1300 ቻርተር ተገኘ። ላውዘር ለወዳጁ ሰጥቶት ይሆናል ነው ነገሩ።

እኔ ይህን የባለቤትነት ሰንሰለት ለሁለት ከፍዬ አየዋለሁ። ከሃርቫርድ ወደ ነጋዴው፣ ከነጋዴው ወደ ጨረታው፣ ከጨረታው ወደ ሜይናርድ ያለው በመዝገብ የታሰረ ነው። ከክላርክሰን ወደ ላውዘር፣ ከላውዘር ወደ አፕልቢ ያለው ግን በሁኔታ የተደገፈ ነው። ዳኛ ቢጠየቅ «ያስኬዳል» ይላል እንጂ «ተረጋግጧል» አይልም።

ማረጋገጫው ከባለቤቶቹ አልመጣም

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። አፕልቢም ክላርክሰንም ባይኖሩ ብራናው ዋና ከመሆን አይጎድልም፤ ማስረጃውን በራሱ ላይ ይዟል።

በታኅሣሥ 2023 ካርፔንተር እንግሊዝ ቤቱ ሆኖ የማግና ካርታ ግልባጮችን ያስስ ነበር፤ ዋናውን እየፈለገ አልነበረም። የሃርቫርድ የሕግ ቤተ መጻሕፍት የመካከለኛው ዘመን የሕግ ብራናዎቹን ፎቶ በነጻ ለሕዝብ ለቅቋል። ከምስል ወደ ምስል ሲሄድ ቁጥር 172 ላይ ደረሰና ቆመ። የሚያየው ነገር ግልባጭ አይመስልም። ምስሉን ለቪንሰንት ላከለት፤ እርሱም ያንኑ አለ።

ከዚያ ማመሳከር ተጀመረ። የ1300 ዋና ሰነዶች እስከዚያ ቀን ስድስት ይታወቁ ነበር፤ ከእነርሱም መካከል የደርሃም ካቴድራል፣ የዌስትሚንስተር ገዳም፣ የፋቨርሻምና የሳንድዊች ከተሞች ይገኙበታል። የሃርቫርዱ ልኩ 489 በ473 ሚሊሜትር ነው፤ ከስድስቱ ጋር ይስማማል። አጻጻፉም ይመሳሰላል። «ኤድዋርድ» የሚለው ስም መነሻ ፊደሉ ትልቅ ሆኖ ተስሏል፤ የመጀመሪያው መስመር ፊደሎችም እንደ ቤተ መንግሥቱ ልማድ ወደ ላይ ተዘርግተዋል።

ይህ ሁሉ ግን መልክ ነው፣ መልክ ደግሞ ያታልላል። ወሳኙ ፈተና ቃሉ ነበር። የ1300ው ቻርተር ሲዘጋጅ ከቀደሙት ጋር ሲተያይ በጥቃቅን ቦታዎች ተለውጧል፤ የቃል ቅደም ተከተል የተቀየረበት አለ። ምሁራኑ ስድስቱን አመሳክረው የ1300ው ትክክለኛ ቃል ምን እንደሆነ አወጡ፤ ከዚያ የሃርቫርዱን በዚያ መዘኑት። ብራናው በመደብዘዙ በዓይን የማይነበበውን የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያዎች በአልትራቫዮሌትና በልዩ ልዩ የብርሃን ዓይነቶች እያነሡ አስነበቡ። ቃሉ በሙሉ ገጠመ። ከአንዱ የወጣ ግልባጭ ቢሆን የገልባጩ እጅ በአንድም በሌላም ቦታ ይታይ ነበር፤ ግልባጭ ሲባል እንዲህ ነው፣ ዝላይና ስሕተት አያጣም።

ታዲያ ዋናነቱ እንዲህ ከተረጋገጠ የአፕልቢ ነገር ለምን ያሳስባል? ምክንያቱም ሌላ ጥያቄ አለ፦ በ1300 ቻርተሩን የተቀበለው ማን ነበር? አውራጃዎች እንደተቀበሉ የታወቀ ነው፤ ከተሞችስ? ፋቨርሻም የራሷን አስቀምጣለች። የሳንድዊቹ ደግሞ ሲሶው ያህሉ ጠፍቶ፣ በቪክቶሪያ ዘመን በተሰፋ የወረቀት ጥራዝ ውስጥ ተለጥፎ፣ በሜይድስቶን ቤተ መዛግብት ተገኝቶ በ2015 ይፋ ሆነ። ያንንም የለየው ይኸው ቪንሰንት ነው። ሁለቱም ግን በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኬንት ውስጥ ያሉ፣ ለንጉሡ መርከብ በማቅረብ ልዩ መብት ባገኘው የወደቦች ኅብረት ውስጥ የነበሩ ከተሞች ናቸው። በእነርሱ ብቻ ስንፈርድ ነገሩ ለወደብ ከተሞች የተደረገ ልዩ አስተያየት ነው ለማለት ይቻል ነበር። አፕልቢ ግን ባሕር የላትም፤ ከኬንት ተቃራኒ በሆነው በሰሜን ጫፍ፣ ኤድዋርድ በዚያው በ1300 ክረምት ጦሩን ይዞ ወደ ስኮትላንድ ባለፈበት አገር ናት። ቁጥር 172 በእርግጥ የእርሷ ከሆነ፣ ንጉሡ ግብር ፈልጎ ቃሉን ያደረሰው ለወደብ ጌቶች ብቻ አልነበረም ማለት ነው።